ያልተመረጠው ልጅ የት ይጫወት?

በ2000 ዓ.ም. በተካሄደው የቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ አራት የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። አራቱም የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ድሎች ነበሩ፤ ሁለቱን ቀነኒሳ በቀለ፣ ሁለቱን ጥሩነሽ ዲባባ አመጡ። ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው። ከእነሱ በፊት በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉና በአትላንታ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀችው ፋጡማ ሮባም ከዚያው ከአርሲ ደጋ የወጡ ናቸው። የዚህ ምሥጢር ምንድን ነው እየተባለ ስለ ከፍታው፣ ስለ ገብሱና ስለ ወተቱ፣ ስለ ዘሩም ብዙ ተጽፏል። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ግን በበቆጂ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር መኖራቸውን ነው። የእኚህ መምህር ሥራ በደወል አያበቃም ነበር። በኬንያዋ ኢተን ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። አየርላንዳዊው ኮልም ኦኮነል እ.ኤ.አ. በ1976 ወደ ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት የመጡት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነበር። የአትሌቲክስ ሥልጠና ዕውቀት አልነበራቸውም፤ ኋላ ግን የ800 ሜትሩን ንጉሥ ዴቪድ ሩዲሻን ለዓለም አበቁ። በሁለቱም ቦታ ዘመናዊ ስታዲየም አልነበረም፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር ሜዳ ላይ የሚቀር መምህር ግን ነበር።

ይህን ታሪክ ስንተርከው ሁልጊዜ አንድ ነገር እናጎድላለን። ከጥሩነሽ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ፣ በዚያው ሜዳ አብረዋት የሮጡ፣ ሮጠው ያላሸነፉ ልጆች ነበሩ። ሜዳልያ ባያመጡም መሮጥን ተምረዋል፤ በሰዓት መገኘትን፣ መሸነፍንና በማግሥቱ ተመልሶ መምጣትን ተምረዋል። የትምህርት ቤት ስፖርት በመጀመሪያ የእነሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ጽሑፍም የሚመረምረው የእነሱን ነገር ነው።

በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ስፖርት ማለት ምርጫ ማለት ሆኗል። የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ ውድድር ሲቃረብ መምህሩ ፈጣኖቹንና ኳስ የሚችሉትን ሃያ የማይሞሉ ልጆች ይለያል። ማልያ ይፈለጋል፣ የሁለት ሳምንት ልምምድ ይደረጋል፣ ውድድሩ ያልቃል፣ ማልያው ታጥቦ ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። የቀሩት በመቶዎች፣ በከተማ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ድርሻ አጥር ተደግፎ ማጨብጨብ ነው። ትምህርት ቤቱ ዋንጫ ካመጣ ስፖርቱ ደኅና ነው ይባላል፤ ካላመጣ ደግሞ የሚወቀሰው ያው አንድ መምህር ነው። የቀሩት ልጆች በዓመቱ ስንት ቀን እንደተጫወቱ የሚጠይቅ የሪፖርት ቅጽ ግን አላየሁም።

በወረቀት ላይ የሰፈረው ሐሳብ ከዚህ በጣም የተለየ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት በትምህርት ቤት፣ በመኖሪያ አካባቢና በሥራ ቦታ እንዲስፋፋ ያዛል፤ ሕዝባዊ መሠረት እንዲኖረው ማለት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 12 ይህንኑ ይደግማል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ድርጅቱ ከ146 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ይዞ ባደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም ነበር፤ በሴቶቹ ቁጥሩ 85 በመቶ ደርሷል።

«የእኛ ልጆች እኮ በእግራቸው የሚሄዱ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ከብት የሚጠብቁ ናቸው፤ ምን እንቅስቃሴ ያንሳቸዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለገጠሩ ልጅ ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ አቅራቢያ ሳለ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይሄድና እየሮጠ ይመለስ እንደነበር፣ መጽሐፍ ይይዝበት የነበረው ግራ እጁም ሲሮጥ ታጥፎ መቅረቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሥራ ጨዋታ አይደለም። እንስራ ተሸክማ ሽቅብ የምትወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ጉልበቷን ትጨርሳለች እንጂ ከጓደኞቿ ጋር ሕግ ተስማምታ፣ ተከራክራ፣ ስቃ የምትገባበት ዓለም አታገኝም። የከተማው ልጅ ደግሞ ሁለቱንም አጥቷል። ከኮንዶሚኒየም ወጥቶ በሰርቪስ ትምህርት ቤት ይገባል፣ በሰርቪስ ይመለሳል፣ ሲመሽ ስልክ ላይ ያፈጣል።

ትልቁ ጉድለት የሜዳ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ ከሜዳ በፊት ጊዜን አስቀድማለሁ። የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ክፍለ ጊዜ ይመደብለታል፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ወደ ሜዳ መውጫና መመለሻ፣ ስም መጥሪያ፣ ኳስ ከዕቃ ቤት ማውጫ ሲቀነስ ልጁ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከግማሹ ያንሳል። ፈተና ሲቃረብ ይህችም ትወሰዳለች። የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ ቀርቶበታል፤ ክፍለ ጊዜውን የሚለምነው ከሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነው፤ እሱም ይሰጣል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ የሌለ ትምህርት ተከላካይ የለውም።

ይህ ጫና ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፤ የሚቀጥለው ዓመት ውጤትም አልተሻለም። ያንን ውጤት የሰማ ወላጅ ልጁን ቅዳሜ ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢልከው፣ ክለቡንና ኳሱን «ሲያልፍልህ ትደርስበታለህ» ቢለው አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ግን ስሌቱ ትክክል አለመሆኑ ነው። በካናዳ ኩቤክ ግዛት ትሯ ሪቪዬር በተባለው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረገ ረጅም ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለስድስት ዓመት ተከታትሏል። ለአንደኛው ወገን ከሌላው ትምህርት ጊዜ ተቀንሶ በየቀኑ አንድ ሰዓት የሰውነት ማጎልመሻ ተጨመረ። የቀለም ትምህርት ጊዜያቸው ያነሰው እነዚህ ልጆች በውጤት ወደ ኋላ አልቀሩም፤ በአንዳንድ ትምህርት እንዲያውም በልጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው የቻርልስ ሂልማንና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ 221 ልጆችን በሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ወገን ዘጠኝ ወር ከትምህርት በኋላ ሲያጫውት ቆየ። የተጫወቱት ልጆች ትኩረታቸውን መጠበቅና ሐሳባቸውን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ማዞር ላይ ካልተጫወቱት ይልቅ ተሻሻሉ። ሁለቱም ጥናቶች የተደረጉት ቁርሱን በልቶ በሚመጣ ልጅ ላይ መሆኑን አልዘነጋም፤ ወደዚያ ጉዳይ እመለሳለሁ። ቢያንስ ግን ከሜዳ የተነጠቀ ሰዓት በቀጥታ ማርክ ይሆናል የሚለውን እምነት አይደግፉም።

ሜዳውን በተመለከተ ከተማና ገጠር ችግራቸው ይለያያል። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት ለመኖሪያ በተሠራ ኪራይ ቤት ውስጥ ነው፤ ግቢው ለሰልፍ እንኳ አይበቃም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ የተማሪው ቁጥር በጨመረ ቁጥር አዲሱ ሕንፃ የሚቆመው በሜዳው ላይ ነው። የመማሪያ ክፍል እጥረት እውነተኛ ስለሆነ ማንም አይቃወምም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሕንፃ ብቻ ያለው፣ ልጅ የማይሮጥበት ግቢ ይቀራል። በገጠር ሜዳው ሰፊ ነው፤ የጎደለው ኳሱ፣ መረቡና ገመዱ ነው፤ ያለው ደግሞ የጨርቅ ኳስ ነው። እዚህ ላይ ቁጣዬን አልደብቅም፦ ለትምህርት ቤት ፈቃድ ሲሰጥ የመጫወቻ ቦታ እንደ መጸዳጃ ቤት የማይታለፍ መስፈርት ሆኖ መከበር አለበት። አሁን ላሉት ግን ሕንፃ አፍርሰን ሜዳ ልንሠራላቸው ስለማንችል ያለው መፍትሔ መዋዋስ ነው። በየሰፈሩ የተሠሩት ትንንሽ ሜዳዎችና የወጣት ማዕከላት በሥራ ቀን ጠዋት ባዶ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይቆለፋል። አንዱ ለሌላው በሩን ቢከፍት የሚያስፈልገው የስምምነት ደብዳቤና የጥበቃ ውሎ አበል ነው።

ከዚያ መምህሩ ይመጣል። አንድ መምህር፣ አንድ ኳስ፣ ስልሳና ከዚያ በላይ ልጆች። በዚህ ሁኔታ እግር ኳስ ከተመረጠ ሃያ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ከእነሱም ኳስ የሚነኩት ስምንት ወይም አሥር ናቸው፤ ሌላው ተቀምጦ ወሬ ያወራል። ያው አንድ መምህር ሜዳውን በአምስትና በስድስት ቦታ ከፍሎ ግን አንዱን ቡድን በገመድ ዝላይ፣ አንዱን በሱዚ፣ አንዱን በዱላ ቅብብል፣ አንዱን በአባሮሽ፣ አንዱን በኳሱ ላይ ቢያሰማራና በየሰባት ደቂቃው በፊሽካ ቢያቀያይራቸው ስልሳውም ያልባቸዋል። ሱዚ በላስቲክ ገመድ የሚዘለል የሴት ልጆች ጨዋታ ነው እየተባለ ይናቃል፤ ነገር ግን የእግር ቅልጥፍናን፣ ሚዛንንና ከፍታን ደረጃ በደረጃ የሚያሠለጥን ነው፤ ለዚያውም ያለ በጀት። ገናም እንዲሁ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን የምናየው ይህ ጨዋታ በቡድን የሚደረግ፣ በዱላና በጥንጓ የሚካሄድ የሜዳ ስፖርት ነው፤ ለልጆች እንዲስማማ ሕጉን አለስልሶ ማስተማር ይቻላል። ሴቶች በእረፍት ሰዓት ጥግ ላይ ገመድ ወጥረው የሚዘሉትን ነገር መምህሩ ወደ ትምህርቱ ሲያስገባው የሜዳው ግማሽ የእነሱ መሆኑን ያወጀ ያህል ነው።

የሴት ልጆችን ነገር ጠበቅ አድርጌ ማንሣት እወዳለሁ፤ ደራርቱን ያፈራች አገር እዚህ ላይ ማፈር ስላለባት። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ድረስ ከወንዶቹ እኩል የምትሮጥ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ዳር ትይዛለች። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዩኒፎርሙ ቀሚስ ነው፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል የለም፤ የወር አበባ ሲመጣ ውኃ የሌለው መጸዳጃ ቤት ከሜዳ ያስቀራታል፤ ወንዶቹ ያፏጫሉ፤ ከትምህርት በኋላ ቤት የሚጠብቃት ሥራ አለ። ስለዚህ «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» ማለት ስንፍና ነው። በዩኒፎርም ላይ ሱሪ ወይም ቱታ መፍቀድ፣ ውኃ ያለው መጸዳጃና ሞዴስ ማቅረብ፣ ልምምዱን ከትምህርት በኋላ ሳይሆን በትምህርት ሰዓት ውስጥ ማድረግ፣ ሴት አሠልጣኝ ወይም ቢያንስ አብራ የምትገኝ ሴት መምህር መመደብ፤ ከእነዚህ ውስጥ ስታዲየም የሚጠይቅ የለም። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ልጅን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይዞ የሚቆይ፣ ለውድድር ሌላ ከተማ ይዞ የሚያድር አዋቂ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑ ያለ ቁጥጥር መተው የለበትም። ሁለት አዋቂ ሳይኖር ጉዞ አይደረግም የሚል ደንብ በየትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይለጠፍ።

አካል ጉዳተኛ ተማሪ በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ብዙ ጊዜ የልብስና የቦርሳ ጠባቂ ነው። የማየት ችግር ያለባት ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በፓሪስም ደገመችው። በኳስ ውስጥ ቃጭል ማስገባት ወይም መሪና ተመሪ በገመድ ተያይዘው እንዲሮጡ ማድረግ ከባድ ነገር አይደለም። ከባዱ መምህሩ «አንተ ቁጭ በል» የሚለውን ልማድ መተዉ ነው።

ውድድርን የምጠላ አይምሰላችሁ፤ ልጆች ይወዱታል፣ ትምህርት ቤትንም ያነቃቃል። ነገር ግን በልጅነት ውድድር ላይ የተንጠለጠለ ክፉ ነገር አለ፤ እሱም የዕድሜ ማጭበርበር ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ተብሎ ሲሰለፍ ተጎጂው እሱ አይደለም፤ በእሱ ምክንያት ያልተመረጠው እውነተኛው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ በማየቱ ነው። ኖርዌይ ሌላ መንገድ ሄዳለች፦ በሕፃናት የስፖርት መብት ደንቧ ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የውጤት ሰንጠረዥ አይወጣም። ማሸነፍ ሳይከለከል ማሸነፍ ላይ የሚያተርፈው አዋቂ እንዲቀር ተደርጓል። እኛም ከወረዳ ውድድር በፊት የክፍል ለክፍል ጨዋታን ብናጠናክር ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ቡድን ሊወጣ፣ ያልተመረጠ ልጅም ሊያንስ ይችላል። 5ኛ «ሀ» ከ5ኛ «ለ» ጋር ሲጫወት ዕድሜውን የሚያጭበረብር የለም፤ የትራንስፖርት ወጪም የለም።

ስለ ተጓዳኝ ክበባት የምለው ከስፖርቱ ያነሰ አይደለም፤ ኳስ የማይወድ ልጅ አለና። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ካደገባቸው ቦታዎች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔታቸውን ከተማሪዎቻቸው ጋር ያዘጋጁ መምህር ነበሩ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ገና ታዳጊ ሳለ በአምቦ ትምህርት ቤት ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቧል። ያን ጊዜ አንድ መምህር «ይህ ልጅ ምን ይሞነጫጭራል» ብሎ ወረቀቱን ቢቀማው ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ በየርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የክበባት ዝርዝር ተለጥፎ ይታያል፦ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ልጃገረዶች፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሚኒ ሚዲያ። ዕቅድ አላቸው፣ ሪፖርትም አላቸው። በሥራ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሚኒ ሚዲያው ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ ማጉያ፣ ቋሚ ሰዓትና አድማጭ አለው። ጠዋት በሰልፍ ላይና በእረፍት ሰዓት ዜና፣ ግጥምና ጥያቄና መልስ ይቀርባል፤ ዓይናፋሩ ልጅ ማይክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። ሌሎቹ የሚደክሙት የልጆቹ ፍላጎት ስላለቀ አይደለም። ብዙዎቹ ከላይ በመጣ መልእክት የተቋቋሙ ናቸው፤ ፀረ ኤድስ ክበባት የውጭ ድጋፍ በነበረበት ዘመን እንደ አሸን ፈሉ፣ ገንዘቡ ሲቀንስ ተበተኑ። ክበብ ልጆች ራሳቸው የሚሠሩት ነገር ሲኖረው ይኖራል፦ የሚያጠጡት የጓሮ አትክልት፣ የሚፈቱት የተበላሸ ሬዲዮ፣ ለወላጆች ቀን የሚያጠኑት ድራማ፣ በወር አንዴ የሚለጥፉት የግድግዳ ጋዜጣ። መፈክር ብቻ ያለው ክበብ ልጅን አይዝም።

አሁን ወደ ሆዱ ልመለስ። ቁርስ ያልበላ ልጅን ሩጥ ማለት ግፍ ነው፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ልጆችን ያየ መምህር ያውቀዋል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ለዚህ ነገር ከየትኛውም የስፖርት ፕሮጀክት በላይ አድርጓል ብዬ አምናለሁ፤ ምገባ በሌለበት አካባቢ ስለ ስፖርት መሻሻል ስንነጋገር በቅድሚያ ስለ ምግብ መነጋገር አለብን። ጦርነት ባለፈባቸው የትግራይ፣ የአማራና የአፋር አካባቢዎች ደግሞ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፣ መጠለያም ሆነዋል። በእነዚያ ቦታዎች ጨዋታ ቅንጦት ይመስላል፤ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የተመለሰ ልጅ ግን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በሰው መካከል መሆንን እንደገና መልመድ አለበት፤ ይህን ከጨዋታ በተሻለ የሚያስተምር አላውቅም። ሜዳው ከተተኮሰና ካልፈነዳ ነገር የጸዳ መሆኑ መረጋገጡ ግን ከሁሉ ይቀድማል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ትልቁ ወጪ የመምህሩ ሰዓት ነው። ከትምህርት በኋላ የሚቀረው መምህር አበል የለውም፤ የክበብ ተጠሪነቱም እንደ ሥራ ጫና አይቆጠርለትም። ሥንታየሁ እሸቱን የመሰሉ ሰዎች በፈቃዳቸው አድርገውታል፤ ሥርዓትን በጥቂት ሰዎች ፈቃደኝነት ላይ ማቆም ግን አይቻልም። ክበብ የሚመራ ወይም የክፍል ለክፍል ጨዋታ የሚያካሂድ መምህር በሳምንት ሁለትና ሦስት ክፍለ ጊዜ ከማስተማር ጫናው ይቀነስለት፤ ያ ካልተቻለ ትርፍ ሰዓቱ ይከፈለው። ይህ የሚወሰነው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሲያወጣ ነው። የወላጅ መምህራን ኅብረት አባላት ያን ወረቀት ከመጽደቁ በፊት ጠይቀው ይዩት፤ የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ በየትኛው ቀን እንደተመደበ፣ ከትምህርት በኋላ ማን እንደሚቆይ፣ ቅዳሜ በሩን ማን እንደሚከፍት ተጽፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልተጻፈ በዚያው ቀን ይጻፍ።